የተጠለፈው ስልኳ ነው

እናቴ ጥልፍ ሠሪ ናት፤ ግን «ጠለፍሁ» ስትል ሰምቻት አላውቅም። «ይችን ሠራኋት»፣ «ይችን ጨረስኋት»፣ «መርፌ ይዤ ዋልሁ» ትላለች እንጂ ያችን ቃል ወደ አፏ አታስጠጋም። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ሱቅ ስትከፍት ታፔላዋን የሠራሁላት እኔ ነኝ። «የፀሐይወርቅ ጥልፍ» ብዬ፣ ፊደሉን በወርቃማ አሳምሬ ባመጣላት፣ አየችውና «ጥልፍ የሚለውን አውጭው፤ መርፌ ሥራ በይው» አለችኝ። ተናደድሁ። በዚህ ዘመን ማን መርፌ ሥራ ይላል? ሰው ክሊኒክ መስሎት ክንዱን ገልጦ ይገባል ብዬ ቀለድሁባት። ሳቀች፤ ታፔላው ግን ተቀየረ። ያኔ ለምን ብዬ ብጠይቃት ይኸ ሁሉ ባልመጣ ነበር። እኔ ግን ተናጋሪ እንጂ ጠያቂ አይደለሁም።

ፔዳ አካባቢ ባለ አንድ ኮሌጅ፣ የሕዝብ ግንኙነት ክፍል ውስጥ፣ ግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። ስሙ ያምራል፤ ሥራው ግን የምርቃት ባነር፣ የስብሰባ ጥሪና የበዓል እንኳን አደረሳችሁ ነው። አለቃዬ አቶ ኪዳነ ወልድ ደግ ሰው ናቸው። ዲዛይን ላይ ሲደርሱ ግን አያድርስ ነው፤ ባዶ ቦታ ካዩ ሎጎ ካልገባበት ይላሉ። ዘንድሮ ኮሌጁ የቴክኖሎጂ ግንዛቤ ቀን ሊያከብር ተነሣና፣ ሰው ከአካውንት ጠለፋ ራሱን እንዲጠብቅ እናስተምርበት ተባለ። ለፌስቡክና ለቴሌግራም የሚሆን፣ ሰው ጣቱን አቁሞ የሚያየው ምስል ሥሪ አሉኝ። ደስ አለኝ። ስመኘው የኖርሁት ሥራ ነበር።

«ጠላፊ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ የፈለገ ሰው የሚያገኘው ጥቁር ቆብ ያጠለቀ፣ ፊቱ የማይታይ ፈረንጅ ነው። በባሕር ዳር ሙቀት ማን ነው ቆብ ጭኖ የሚጠልፍ? የኛን ሰው የሚጠልፈው ያለ ቆብ፣ «እንደምን ዋሉ እናቴ» ብሎ ነው። እናቴንም እንዲያ ነው ያደረጋት። የምትሠራቸውን ቀሚሶች የምታሳይበት የቴሌግራም ቻናል አላት። ደንበኛ ነኝ ያለ አንድ ሰው «በስልክዎ የመጣልዎን ቁጥር ይንገሩኝ» አላት፤ ነገረችው፤ በዚያው ገባ። ቻናሏ ላይ ለዐይን የሚያሳፍር ሥዕል ሁሉ ለቀቀበት። እሷማ «ሰው ገባብኝ» ብላ፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ልትተወው ነበር። ለደንበኞቿ አንድ በአንድ እንድትደውል ያስገደድኋት፣ አቤት የሚባልበት ቦታ ሁሉ ያመለከትሁላት እኔ ነኝ። በመጨረሻ አስመለስንላት። ታዲያ ለማስተማሪያ ከሷ የተሻለ ከወዴት ይመጣል?

ፎቶ ላንሣሽ ብዬ ሱቋ ብሄድ «የኔ ፊት ደግሞ ምን ያስተምራል» ብላ አንገራገረች። አጠገቧ ጨርቅ የሚሸጡት እትዬ ሰዓዲያ «ተነሽ እንጂ፤ ስንት የማይረባ ፊት እያየን አይደል የምንውል» ብለው አሳቁልኝ። ነጠላዋን አስተካከለች፣ እጇን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ካሜራውን ቀጥ ብላ አየችው። እናቴ ሰውን ቀጥ ብላ አታይም። አባቴን እንኳ ይኸን ሁሉ ዘመን «አንቱ» እያለች፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ነው የምታናግረው። አክብሮት ነው እያልሁ ስቀናበት የኖርሁ ነገር ነው፤ የኔ ጓደኞች ባላቸውን በስሙ ጠርተው ይሰድባሉ። በዚያ ፎቶ ላይ ግን ዐይኗ ሰው ይይዛል። ሥሩ የሚጻፈውን አላሳየኋትም። ያን ጊዜ ገና አልጻፍሁትም፤ ከጻፍሁት በኋላ ደግሞ ማሳየት ትዝ አላለኝም።

ጽሑፉን በሷ አንደበት አደረግሁት። በትልልቅ ፊደል «ተጠለፍሁ። ዝም አላልሁም።» ብዬ ጻፍሁ፤ ሥሩ «ፀሐይወርቅ» የሚል ስሟን አስቀመጥሁ። የቴሌግራም አካውንት ሲጠለፍ ምን እንደሚደረግና በዓሉ የሚከበርበትን ቀን ታች፣ ነጠላዋ ላይ፣ በደቃቃ ፊደል አሰፈርሁት። ምስሉ እንዳይጨናነቅብኝ ብዬ ነው። አቶ ኪዳነ ወልድ መነጽራቸውን አውልቀው አዩትና ሁለት ነገር አሉ። አንደኛ «ተጠለፍኩ» ይባል፣ «ተጠለፍሁ» የገጠር ነው። ሁለተኛ «ስልኬ ተጠለፈ» ቢባል ግልጽ አይሆንም ወይ?

በሁለቱም ተሟገትሁ። እናቴ የሜጫ ልጅ ናት፤ ባፏ «ኩ» የሚል ወጥቶ አያውቅም፤ በፊደል ብዬ አዲስ አበቤ አላደርጋትም አልሁ። «ስልኬ» ብንል ደግሞ ጉልበቱ ይሞታል፤ የቴክኖሎጂ ቀን እያልን ማን ሌላ ነገር ያስባል አልሁ። «እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አሉኝ። ያን ቃል ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን አሁን ሰው ለሌላ ሰው እንኳ ሲለው ስሰማ ፊቴ ይግላል።

ከሰዓት ለጠፍሁት። ከሥራ እስክንወጣ ድረስ ላይኩና ሼሩ እንደ ጉድ ጎረፈ፤ ኮሌጁ እንዲያ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። እንደ ሎተሪ ባለ ዕድል እየተንጠባረርሁ ቤት ገባሁ። አባቴ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ አልተመለሰም ነበር። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። ስታየኝ ተነሣች፤ ራሴን በሁለት እጇ ይዛ ግንባሬን ሳመችው፤ ቶሎም አልለቀቀችኝ።

አየሽው ወይ ብላት አየሁት አለች።

«ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

«ምን ይነገረኛል፤ ድሮ የማውቀው ነገር» አልኋት።

ሙያዬን ማለቴ ነበር። ለዚህ ለዚህ አቶ ኪዳነ ወልድ ይበቁኛል፣ ደግሞ ከቤት ማን ነው ሥራ የሚያስተምረኝ ብዬ ነው። እናቴ «ድሮ» ብላ ቃሉን ደገመችው። ከዚያ እራት አቀረበች። ስበላ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። ፎቶዋ ስላማረ ኮርታ ነው ብዬ እኔም ኮራሁ።

ጠዋት ቢሮ ገብቼ ኮሜንቱን ሳነብ መጀመሪያ ሳቄ መጣ። «አይዞሽ እናቴ» ይላል አንዱ። «ጠላፊው ለፍርድ ይቅረብ» ይላል ሌላው። ለአንድ የቴሌግራም ቻናል ይኸን ያህል ብዬ ገረመኝ። ወረድ ስል ነገሩ ገባኝ። ምስሉን ስክሪንሾት አድርገው፣ ታችኛውን ደቃቃ ጽሑፍ ቆርጠው፣ የእናቴን ፊትና ሦስቱን ቃል ብቻ እየተቀባበሉት ኖሯል። አንዲት ሴት «እኔም ከገበያ ስመለስ ነው፤ እስከ ዛሬ ለልጆቼ አልነገርሁም» ብላ ጽፋለች። አንዱ ደግሞ «ተጠልፋ፣ ወልዳ ከብዳ፣ አሁን ምን ትሁን ነው?» ይላል። ከሱ ሥር ሌላው «ባሏን አውቀዋለሁ፤ የፋብሪካ ጡረተኛ ነው፤ ሲያዩት ሰው ይመስላል» ብሎ መልሶለታል።

ደሜ ፈላ። ስለ አባቴ ነው እኮ። አባቴ አለበል ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣ ሳይተኛ፣ በብስክሌት ከኋላው አስቀምጦ ትምህርት ቤት የሚያደርሰኝ ሰው ነው። የዘንባባው ጥላ ሲያልቅ ኮቱን አውልቆ ከፀሐይ ያለብሰኝ ነበር። ስጣላ የሚያስታርቀኝ፣ ስታመም ከራስጌዬ የማይነቃነቅ እሱ ነው። እናትና አባቴ እንዴት እንደተጋቡ ደግሞ አውቃለሁ፤ ሽማግሌ ተልኮ፣ በወግ ነው። ማን እንደነገረኝ ቢጠይቁኝ አላውቅም፤ ቤት ውስጥ እንዲሁ የነበረ ነገር ነው። ሦስት መስመር አንብቦ መጨረስ ያቃተው ሁሉ ተነሥቶ አባቴን ጠላፊ ይለዋል?

አቶ ኪዳነ ወልድ መጡና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ብናነሣው አይሻልም ወይ አሉ። «ስልኬ ይባል ብዬሽ ነበር» አላሉኝም፤ ቢሉኝ በተሻለኝ። ማንሣት ብቻ አይበቃም፤ እርማት አወጣለሁ አልሁ። ለእናቴ አልደወልሁም። ሱቅ ላይ ናት፣ አላስጨንቃትም ብዬ ነው። ውሸቴን ነው፤ ማስጨነቁም ትዝ አላለኝም። ንዴት ላይ ሆኜ ሰው አላማክርም፤ ጽፌ ነው የሚወጣልኝ። ፎቶዋን ከላይ አደረግሁ፣ ሥሩን ቀይ ቀባሁት፣ ፊደሉን የትኛውም ዐይን እንዳይስተው አተለቅሁት፦

«እርማት። በፎቶው የምትመለከቷቸው እናት ተጠልፈው አያውቁም። ሽማግሌ ተልኮ፣ በወግ በማዕረግ የተዳሩ ናቸው። የተጠለፈው ስልካቸው ነው።»

ፊተኛውን አጠፋሁ፣ እርማቱን ለጠፍሁ፣ ምሳዬን በላሁ። አቶ ኪዳነ ወልድ እፎይ አሉ። እኔም የአባቴን ስም ያጠብሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ተቀመጥሁ።

ዱርቤቴ ያሉት አጎቴ ወልደ ዮሐንስ ሲደውሉ ገና ከወንበሬ አልተነሣሁም። የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ለበዓል ካልሆነ አይደውሉም። «ጎሽ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ሰላምታውንም ሳይጨርሱ። ትናንት ማታ ሰፈሩ ሁሉ ያን ፎቶ ሲያሳያቸው አንገታቸውን ደፍተው እንዳደሩ፣ አሁን እርማቱን የጎረቤት ልጅ ሲያነብላቸው ቀና እንዳሉ ነገሩኝ። እኔም ሰው ማንበብ አይችልም እያልሁ ማማረር ጀመርሁ። አላስጨረሱኝም።

«ጥሩ አድርገሽ አስተባበልሽ» አሉ። «ያ ነገር በሽማግሌ የተዘጋ ነው። ከትምህርት ቤት መንገድ የወሰዳት ለት እኔ ነኝ ጠመንጃ አንሥቼ የወጣሁ፤ ቄሶች መስቀል ይዘው ነው የመለሱኝ። አባትሽም ከጠለፋት ወዲያ እጁን አንሥቶባት አያውቅም። ዛሬ ምን እናገኝ ብለን ነው ጉዳችንን ለዓለም የምንዘራ?»

«እሺ አጎቴ» አልሁ።

አላውቅም ነበር ማለት እንኳ አፈርሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴ ያለው ስክሪን ላይ ያ ቀይ ቀለም፣ ያ «ተጠልፈው አያውቁም» የሚለው የኔ ፊደል፣ ይኸን ያህል ሆኖ ተገትሯል። «ጥልፍ የሚለውን አውጭው» ያለችኝ ትዝ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ የሚባለውን ነገር እስከዚያች ቀን ድረስ ለወሬ ማሳመሪያ ነበር የምጠቀምበት።

ባጃጅ ይዤ ግሽ አባይ ብደርስ ሱቁ ተዘግቷል። እትዬ ሰዓዲያ የጨርቁን ጥቅል እንደታቀፉ ከደጃቸው ቆመው አዩኝ። ሁልጊዜ «ነይ የኔ ቆንጆ» ነው የሚሉኝ፤ ያን ለት አላሉም። ጠዋት ሱቁ ሴት በሴት ሆኖ ነበር አሉ። ከማታውቃቸው ሰፈር የመጡ ነበሩ። አንዲቱ ምንም ሳትናገር እናትሽ ጉልበት ላይ ተደፍታ ሄደች፤ ሌላዋ ቁጭ ብላ ስታወራት ዋለች። እናትሽም አወራች፤ ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆና እንደዚያ ስታወራ ሰምቻት አላውቅም አሉኝ። ከዚያ እኩለ ቀን ላይ አንዷ ስልኳን አውጥታ «ይኸውና ውሸት ነው ብለዋል እኮ» ብላ ቀዩን አሳየቻት። «አነበበችው፣ መርፌዋን ሰካች፣ ቆልፋ ሄደች። ወደ ሐይቁ ነው» አሉ። ቀጥለውም «ማን ነው የጻፈው?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ ለማለት አቃተኝ። እሳቸውም መልሱን ከፊቴ አገኙትና ጨርቃቸውን ወደ ውስጥ አስገቡ።

ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት ራቅ ብሎ ካለ ዋርካ ሥር አገኘኋት። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ አጠገቧ አስቀምጣ፣ ውኃውን ታያለች። ወደ ደሴት ልትሄዱ ነው ወይ እያለ የሚጠይቅ ባለ ጀልባ ነበር፤ አንሄድም ብዬ ሸኘሁትና ተቀመጥሁ። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር የመጣሁ፤ ግን እሷ ናት የጀመረችው።

«ትናንት ያወጣሽውን ማን አንሺ አለሽ?»

ሰው ተሳስቶ፣ ቆርጠው፣ ያላልነውን አስመስለው እያልሁ መንተባተብ ጀመርሁ።

«ሰውስ አልተሳሳተም» አለች።

ከዚያ ነገረችኝ። ብዙ አይደለም የነገረችኝ። ሰባተኛ ክፍል እንደነበረች፣ ከክፍሉ አንደኛ እንደነበረች፣ ወንዙን ስትሻገር አንድ እግር ጫማዋ እዚያው እንደቀረ። አባቴ ከነጓደኞቹ እንደነበረ። ቤቴ መልሱኝ ብላ ስታለቅስ ሽማግሌዎቹ «አንዴ ሆነ፤ ማን ያገባሻል» እንዳሏት። ጨዋታ እንደሚያወራ ሰው ነበር ድምፅዋ። ሰውየው ክፉ ሆኖ ቢሆን ይቀለኝ ነበር አለች፤ ክፉ አልሆነም፤ ስለዚህ ለማን እንደምትናገር ጠፋት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ጫማዋን ነበር የማየው። አባቴ ባለፈው ፋሲካ የገዛላት ጫማ ነው።

«ማታ ማን ነገረሽ ብልሽ፣ ድሮ የማውቀው ነገር አልሽኝ» አለች። «ልጄ አውቃኛለች፤ አውቃም አላፈረችብኝም፤ እኔ ያቃተኝን ጻፈችልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ አደርሁ። እንቅልፍም አልወሰደኝ። ጠዋት ያ ሁሉ ሰው ሲመጣ ቀና ብዬ ነው ያየሁት። ቀን ደግሞ በወግ በማዕረግ ብለሽ ጻፍሽብኝ።»

ጻፍሽብኝ ነው ያለችው። ያን ቃል ስሰማ ማልቀስ አማረኝ፤ ግን ማልቀስም የሷ እንጂ የኔ ፋንታ አይደለም ብዬ ዋጥሁት። አፈርሁ። በሰው ፊት መዋረድን አውቀዋለሁ፤ ይኸ ሌላ ነው። ለአንድ ሌሊት ያህል እናቴ አንድ የሚያውቃት ሰው ነበራት፤ እሱም እኔ ነበርሁ፤ እኔ ደግሞ አልነበርሁም። ሁለት ጊዜ በአፏ ተናገርሁ። በፊተኛው ሳላውቅ እውነቷን ተናገርሁላት፤ በሁለተኛው አውቃለሁ ብዬ ካድኋት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ከስልክ የወጣማ አፋፍም የለው።

«እኔ እኮ አላወቅሁም እማዬ» አልኋት።

«እንደማታውቂ ቀዩን ሳይ ገባኝ» አለች። ቀጥላም «መልሰሽ አውጭው» አለችኝ። «በኮሌጅሽ አይደለም። በኔ ቻናል።»

አባዬስ ብዬ ጠየቅሁ። ስጠይቅ ራሱ አፈርሁ። ያን ሁሉ ሰምቼ መጀመሪያ ያሰብሁት ለሱ ነው፤ ከኋላው ተቀምጬ የኖርሁበት ብስክሌት ነው የታየኝ። እናቴ አልተቆጣችኝም። ስለ አባትሽ ሳስብ ነው የኖርሁ አለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ስልኬን እንደ ጨርቅ ነካ አደረገችው።

«አንድ ነገር ግን አርሚ። ዝም አላልሁም ያልሽው ውሸት ነው። ዝም አልሁ በይው።»

እዚያው ዋርካው ሥር፣ ስልኬ ላይ ሠራሁት። ፎቶዋን አስገባሁ። ሎጎ የለበትም፣ ቀን የለበትም፣ ነጠላዋ ላይ የተደረደረ ጽሑፍ የለበትም። «ተጠለፍሁ። ዝም አልሁ።» ይላል፤ አለቀ። ፊደሉን ላሳምረው ብል እጄ እምቢ አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ከሠራሁት ሁሉ ዲዛይን ያልነካው እሱ ነው። ለሷ ላክሁላት። ደጋግማ አየችው፤ ከዚያ በራሷ ጣት ቻናሏ ላይ አወጣችው። እኔም ለአቶ ኪዳነ ወልድ ደውዬ እርማቱን ላነሣው ነው አልኋቸው። በዓሉ ደርሶ፣ እንግዳ ተጠርቶ፣ ስንቴ ነው የምንለጥፍ የምናነሣ ብለው ተበሳጩ። እርማቱ ውሸት ነው አልኋቸው። «እንግዲያው አንሺው» ብለው ዘጉ።

ቤት ስንገባ አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ፈካ ብሏል። ነገሩን ሁሉ ሰምቶ ኖሯል፤ ጠዋት የጡረታ ጓደኞቹ ፎቶውን አሳይተውት ካፌ አልገባም ብሎ ወደ ቤት ተመልሶ፣ ከሰዓት ደግሞ እርማቱን አንብበው ደውለውለት እንደገና ወጥቶ ነበር። «ተባረኪ» አለኝ። አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። «ከሰው አፍ አወጣሽኝ» አለ፤ እጄንም ያዝ አደረገው። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው፣ ክር ያሻከረው እጅ ነው። አልነጠቅሁትም፣ አልጨበጥሁትምም። እናቴ ነጠላዋን አንጠልጥላ ወደ ጓዳ ገባች።

ያን ጊዜ ስልኩ ጮኸ። ጓደኛው አንድ ነገር ልኮለታል። አባቴ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፣ ስልኩን ራቅ አድርጎ ያዘ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሦስት ቃል ነው፤ እሱ ግን ገጽ ሙሉ እንደሚያነብ ሰው ቆየበት። ከዚያ ወደኔ ዞረ። ዐይኑ ውስጥ ያለውን ባላየሁት ምንኛ በወደድሁ። ልጅ ሆኜ፣ ተማትቼ መጥቼ «አልተማታሁም አይደል?» ስለው እኔ እሱን የማይበት ዐይን ነበር።

«ይኸኛውስ» አለኝ፣ «ይኸኛውም ስለ ስልኩ ነው?»

አዎ ብለው ይበቃው ነበር። እንዲያውም አዎ እንድለው ነበር የጠየቀኝ። እኔም የለመድሁት ነው፤ አፌ ተከፍቶ ነበር። ዘጋሁት። በዚያ ቤት ውስጥ የኔ ዝምታ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንድ ነገር የጠቀመ ይመስለኛል፤ እሱም ቢሆን አኮራኝ አልልም።

እናቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማለች። አንገቷን አልሰበረችም። እንደ ፎቶው ቀጥ ብላ ነው ያየችው።

«ስለ ስልኩ አይደለም» አለችው። «ስላንተ ነው።»

አንተ አለችው። ከተወለድሁ ጀምሮ «አንቱ» እንጂ ሌላ ስትለው ያልሰማሁት ሰው፣ ቃሉን ሲሰማ እንደ ተጠራ ልጅ ብድግ አለ። ወደኔ አየ፤ ወደሷ አየ። መነጽሩን አወለቀና ስልኩን በፊቱ ደፍቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ፤ እራት ግን ገና አልቀረበም ነበር።